ከመቆፈሩ በፊት፦ የእንፋሎት ኃይል ለሚያስሱ ወጣት ባለሙያዎች

አሉቶ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የሚገኝ እሳተ ገሞራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ድረስ በአካባቢው ስምንት የፍለጋ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተራራው ወጣ ብለው፣ አንዱ በደቡብ ሌላው በምዕራብ በኩል የተቆፈሩ ናቸው። ሲለኩ ሙቀታቸው ተርባይን የሚያዞር አልሆነም። ከዚያ የቁፋሮ ማሽኑ ወደ ተራራው ላይ ወጣና ሦስተኛው ጉድጓድ ተቆፈረ፤ በኋላም ስድስተኛው። እነዚህ ሁለቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር በሚጠልቀው ክፍላቸው ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ የበለጠ ሙቀት አሳዩ። በቀዝቃዛዎቹና በትኩሶቹ ጉድጓዶች መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

በከርሰ ምድር እንፋሎት ፍለጋ ለተሰማራችሁ፣ ወይም ልትሰማሩ ላሰባችሁ ወጣት ጂኦሎጂስቶች፣ ኬሚስቶችና ጂኦፊዚሲስቶች ይህን ታሪክ የማነሳው የሙያው ዋና ጥያቄ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው። ፍል ውሃ የሚፈልቀው ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ቦታ፣ በሐይቅ ዳር ወይም በተራራ ግርጌ ነው። መንገዱም እዚያው ያልፋል፤ ሜዳውም ለማሽን ይመቻል። ሙቀቱ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ከጥልቁ በቀጥታ የሚወጣውን ሽቅብ ፍሰት፣ ከዚያ ተነሥቶ እየቀዘቀዘ ወደ ዝቅተኛው ቦታ የሚሄደውን ደግሞ የጎን ፍሰት እንበለው። የፍለጋ ባለሙያ ደመወዝ የሚከፈለው ሁለቱን እንዲለይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው የሚጀምረው ከዓለቱ ነው። ጀማሪ ባለሙያ ትናንት የፈሰሰ የሚመስል ጥቁር ባዛልት ወይም ቀይ የስኮሪያ ኮረብታ ሲያይ ልቡ ይሳባል። ስኮሪያ ኮረብታ የሚሠራው ግን ቅልጥ ዓለት በጠባብ ስንጥቅ ከጥልቅ ተነሥቶ በፍጥነት ሲወጣ ነው። ፍንዳታው ሲያበቃ ያ ጠባብ መንገድ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ለሺህ ዓመታት ውሃ የሚያፈላ ሙቀት አያስቀርም። በእኛ ስምጥ ሸለቆና በኬንያ ይበልጥ ተስፋ የሚጣልባቸው ባልጩት፣ ፑሚስ፣ ራዮላይትና ትራካይት የተፉ ማዕከላት ናቸው። እንዲህ ያለ ዓለት የሚፈጠረው በአብዛኛው ቅልጥ ዓለት ጥልቀት በሌለው ማጠራቀሚያ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ጠባዩን ሲለውጥ ነውና ከሥር ትልቅ የሙቀት ክምችት እንዳለ ይጠቁማል። አሉቶ፣ ቱሉ ሞዬ፣ ኮርቤቲ፣ የኬንያዎቹ ኦልካሪያና ሜኔንጋይ ሁሉም የዚህ ወገን ናቸው። በተቃራኒው እንደ አይስላንድና እንደ ጅቡቲው አሳል ባሉ፣ የምድር ቅርፊት በሳሳባቸውና ቅልጥ ዓለት በየጊዜው በስንጥቅ በሚገባባቸው ቦታዎች ባዛልትም በቂ ሙቀት ይሰጣል። አፋር ላይ የምትሠሩ ይህን ልዩነት አትርሱ።

ዕድሜም ይታያል። የአሉቶ ትልቁ ፍንዳታና መደርመስ የዛሬ 300 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ተራራው ባልጩትና ፑሚስ ደጋግሞ ተፍቷል። ይህ ድግግሞሽ የሙቀት ምንጩ እየታደሰ መምጣቱን ያሳያል። ለረጅም ዘመን የተኛ፣ ጎርፍ የሸረሸረው አሮጌ ተራራ ግን ምንም ያህል ቢገዝፍ ተስፋው አነስተኛ ነው።

ሙቀት ብቻውን አይበቃም። ውሃ የሚዘዋወርበት ስንጥቅ ያስፈልጋል፤ ስንጥቁ ደግሞ ወጣትና ዛሬም የሚንቀሳቀስ መሆን አለበት፤ አለዚያ ውሃው ራሱ ተሸክሞት በሚመጣው ማዕድን ይደፈናል። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የወንጂ የስንጥቅ ቀጠና የሚባለው፣ ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ደቡብ ምዕራብ የተዘረጋው የወጣት ስንጥቆች መስመር ነው። የአሉቶ ትኩስ ጉድጓዶች የሚገኙት ይህ መስመር ተራራውን በሚያቋርጥበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ካርታ ስትሠሩ የስንጥቁን መስመር ማስመር አይበቃም፤ የትኛው ወጣት ደለል እንደቆረጠ፣ የትኛው ከሌላው ጋር እንደተገናኘ፣ የትኛው የተደረመሰውን ተራራ የቀለበት ስንጥቅ እንደሚነካ ጻፉ። ሁለት ስንጥቆች የሚገናኙበት ቦታ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው።

ከዚያ ወደ እንፋሎቱ። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ውጡ። በረፋድ ምንም የማይታይበት ገደል በማለዳው ብርድ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያን ሰዓት የተኛ ቡድን ግማሹን እንፋሎት ሳያይ ይመለሳል። የሳተላይት የሙቀት ምስል ካላችሁ የሌሊቱን ተጠቀሙ፤ በቀን የተነሣው የፀሐይን ሙቀት ከመሬቱ ሙቀት ጋር ያምታታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የአገሩን ሰው ጠይቁ። የከብት እረኛ ሣር የማይበቅልበትን፣ ጥጃ የሞተበትን ጉድጓድ፣ በክረምት ጭስ የሚበዛበትን ቋጥኝ ያውቃል። በአፋር አርብቶ አደሮች እንፋሎት በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ድንጋይ ከምረው፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው የሚጠጣ ውሃ ሲሰበስቡ ኖረዋል። እንዲህ ያለ የድንጋይ ክምር ስታገኙ የቀደመ ትውልድ ያጠናውን ነጥብ አገኛችሁ ማለት ነውና ቦታውን መዝግቡ፤ ክምሩንም አትንኩ። ስለ እንፋሎቱ ታሪክም ጠይቁ፦ ድሮም እዚህ ነበር ወይስ ቦታ ቀይሯል? ከርዕደ መሬት በኋላ ጨምሯል ወይስ ቀንሷል? ለዚህ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የለም፤ አባቶችና እናቶች ግን ይነግሯችኋል።

ቴርሞሜትር ስትሰኩ ከፍታውን አብራችሁ ጻፉ። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በላንጋኖ ዳርቻ፣ ወደ 1600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሚፈላው ከ95 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ በ2000 ሜትር ላይ ደግሞ በ93 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ አሉቶ ላይ 93 ዲግሪ ያነበበ ሰው እየፈላ ያለ ነገር ለካ። ይህን ባለማስተዋል በሪፖርት ላይ «ከመፍያ በታች» ተብሎ የተጻፈ የእንፋሎት ቀዳዳ ጥሩ ቦታ ከዝርዝር እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። በተቃራኒው ከመፍያ ነጥቡ በብዙ ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ካነበባችሁ ከቅልጥ ዓለቱ በቀጥታ የሚመጣ ጋዝ ሊሆን ይችላልና ተጠንቀቁ፤ አሲድ የበዛበት ሥርዓት ቧንቧ ይበላል።

የመሬቱ ቀለምም ይነበባል። እንፋሎት የሚያልፍበት ዓለት ወደ ነጭና ቀይ ሸክላ ይለወጣል፤ በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ቢጫ ድኝ ይረጋል። ፍል ውሃ የሚያስቀምጠው ነገር ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ኖራማ ከሆነና አሲድ ሲነካው ከፈላ ትራቨርቲን ነው፤ ብዙ ጊዜ መካከለኛ ሙቀት ያለው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ውሃ ምልክት ነው። አሲዱ ምንም ካላደረገውና ብርጭቆ መሰል ጠንካራ የሲሊካ ቅርፊት ከሆነ ግን ከፍ ያለ ሙቀት ካለው ጥልቅ ውሃ የመጣ ነውና ደስ ይበላችሁ። አንዲት ጠብታ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይህን ሁሉ ትለያለች፤ ከኪሳችሁ አትጥፋ።

ፍል ውሃ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ልጅ አይደለም። የዝናብ ውሃ በጥልቅ ስንጥቅ ወርዶ፣ ምድር በተፈጥሮዋ ባላት ሙቀት ሞቆ ሊመለስ ይችላል። አዲስ አበባ ለመቆርቆሯ ምክንያት የሆነው ፍል ውሃ ለመታጠቢያ የሚሆን በረከት ነው፤ ተርባይን አይጠበቅበትም።

አሁን ወደ ናሙናው። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም በመስክ በአንድ ሰዓት የሚሠራ ስህተት በቢሮ ውስጥ በዓመትም አይታረምም። ከአንድ ፍል ውሃ ቢያንስ አራት ጠርሙስ ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ተጣርቶ፣ ንጹሕ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ተደርጎበት፣ ለሶዲየም፣ ለፖታሲየም፣ ለካልሲየምና ለማግኒዚየም። ሁለተኛው ተጣርቶ አሲድ ሳይጨመርበት፣ ለክሎራይድ፣ ለሰልፌትና ለፍሎራይድ። ሦስተኛው ለሲሊካ ሲሆን በተጣራ ንጹሕ ውሃ ወዲያውኑ፣ ለምሳሌ አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ፣ መቅጠን አለበት። አራተኛው አየር ሳይቀርበት ጢም ብሎ ተሞልቶ የሚዘጋ፣ ለቢካርቦኔትና ለአይሶቶፕ። የአሲድነት መጠን እዚያው ምንጩ ዳር ይለካል፤ አዲስ አበባ ደርሶ የተለካ ቁጥር ስለ ምንጩ አይናገርም፤ በመንገድ ላይ ጋዙ ወጥቷል።

ሲሊካው ለምን እንዲህ ይለፋበታል? ትኩስ ውሃ ውስጥ የሟሟ ሲሊካ ሲቀዘቅዝ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይረጋል፤ ላቦራቶሪው የሚያገኘው የቀረውን ብቻ ይሆናል። ውጤቱን በቁጥር እንየው። በአንድ ሊትር 300 ሚሊግራም ሲሊካ ያለው ውሃ በተለመደው የኳርትዝ ቀመር ሲሰላ ከሥር ያለው ሙቀት 209 ዲግሪ ገደማ ነው። በቸልተኝነት ግማሹ ሲሊካ ጠርሙሱ ውስጥ ቢረጋና 150 ቢነበብ ስሌቱ ወደ 161 ዲግሪ ይወርዳል። አንደኛው ቁጥር ባለሀብት ይጠራል፤ ሁለተኛው ፋይል ይዘጋል። ውሃው ገና ከመሬት ሳይወጣ በቀዝቃዛ ውሃ ቢከለስም ስሌቱ እንዲሁ ይወርዳል። ስለዚህ በአቅራቢያ ያለውን ቀዝቃዛ ጉድጓድ፣ ወንዝና ሐይቅም ናሙና ውሰዱ። ያለ እነሱ ምን ያህል እንደተቀላቀለ ማስላት አይቻልም። ብዙ ቡድን ግን የፍል ውሃውን ብቻ ቀድቶ ይመለሳል።

በአንድ ቀመር አትመኑ። የሲሊካው፣ የሶዲየምና የፖታሲየሙ፣ ካልሲየም የሚጨምረው ቀመር የተለያየ ቁጥር ሲሰጡ አማካይ ወስዶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ስህተት ግን ነው። ልዩነቱ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ሲሊካው ዝቅ፣ የሶዲየምና የፖታሲየሙ ከፍ ካለ ውሃው ተቀላቅሎ ወይም ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። ማግኒዚየም ከበዛ ውሃው በመንገዱ ላይ ከቀዝቃዛ ዓለት ጋር ረጅም ጊዜ ኖሯልና የሶዲየምና የፖታሲየሙን ቁጥር ለመቀበል አትቸኩሉ። በእንፋሎት ሞቆ አሲድና ሰልፌት የበዛበት የጭቃ ውሃ ላይ ደግሞ እነዚህን ቀመሮች ጨርሶ አትጠቀሙ፤ ያ ውሃ ከላይ የተጠራቀመ ዝናብ ነው፤ ስለ ጥልቁ ውሃ ምንም አይነግራችሁም።

የውጭ መማሪያ መጽሐፍ ስታነቡ አንድ ነገር አስተውሉ። ብዙዎቹ ክሎራይድ የበዛበት ውሃ ከመሐል፣ ቢካርቦኔት የበዛበት ከዳር እንደሚመጣ ያስተምራሉ። ይህ ለኒው ዚላንድ የሚሠራ ነው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ምድር ነው፤ የአሉቶ ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ ራሱ ሶዲየምና ቢካርቦኔት በብዛት የያዘ ነው። ቢካርቦኔት አየሁ ብሎ ቦታውን «ዳር ነው» ማለት እዚህ አያዋጣም። ባልጩትና የእሳተ ገሞራ አመድ በበዛበት አገር ደግሞ ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃም ከብርጭቆማው ዓለት ብዙ ሲሊካ ሊያሟሟ ይችላል፤ በኳርትዝ ቀመር ሲሰላ ያልነበረ ሙቀት ያሳያል። ከቀዝቃዛው ጉድጓድ ናሙና መውሰድ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ላቦራቶሪው ውጤት ሲልክ መጀመሪያ የአዎንታዊና የአሉታዊ አዮኖችን ሚዛን አስሉ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ ወይ የተረሳ ነገር አለ፣ ወይ የተሳሳተ ልኬት አለ፤ ካርታ ላይ ከመለጠፉ በፊት ይጣራ። ከአንዱ ምንጭ ሁለት ጊዜ ቀድታችሁ በተለያየ ቁጥር ላኩ፤ ላቦራቶሪውን የምትፈትኑት በዚህ ነው።

የጋዝ ናሙና ስትወስዱ ስለ ሕይወታችሁ አስቡ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በትንሹ ሲሆን እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ የማሽተት ኃይልን ያደነዝዝና ጠፋ ያሰኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ ነፋስ በሌለበት ጠዋት በጎድጓዳ ቦታ ተኝቶ ይቆያል። ለብቻ አትውረዱ፤ የጋዝ መለኪያ ያዙ፤ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሸክላ ከላይ ደረቅ መስሎ ከሥሩ የሚፈላ ጭቃ ሊሆን ይችላልና በረጅም ዱላ እየነካችሁ ሂዱ። ይህን ጊዜ ማባከን የሚመስለው የሥራ ኃላፊ ካለ ቡድኑን መምራት የለበትም።

ከምድር በላይ ያለው ሥራ ሲያልቅ ጂኦፊዚክሱ ይመጣል። ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚሠራበት ማግኔቶቴሉሪክ ነው፤ የምድርን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ እስከ ብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያሳያል። ትኩስ ውሃ ዓለቱን ሲለውጥ መጀመሪያ ስመክታይት የሚባል ሸክላ ይሠራል፤ ይህ ሸክላ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያስተላልፋል፤ ተቃውሞው ብዙ ጊዜ ከ10 ኦም ሜትር በታች ነው። ሙቀቱ 200 ዲግሪን አልፎ ሲሄድ ሸክላው ወደ ኢላይትና ክሎራይት፣ ከዚያም ኤፒዶት ወደሚገኝበት ዓለት ይለወጣል፤ ተቃውሞውም መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ጥሩ ሥርዓት በምስሉ ላይ ሲታይ የሸክላው ንብርብር እንደ አክንባሎ ጎበጥ ብሎ ትኩሱን ይሸፍናል፤ ጉብታው ከፍ ያለበት ሥር ሽቅብ ፍሰቱ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች ግን አሉ። በስምጥ ሸለቆው ወለል የድሮ ሐይቅ ደለል በሰፊው ተነጥፏል፤ እሱም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በዝዋይና በላንጋኖ ዙሪያ ዝቅተኛ ተቃውሞ ያየ ሰው ሸክላውን ከሐይቅ ጭቃ ሳይለይ ካርታውን በቀይ ቢቀባ ማሽኑን ወደ ሜዳው ይልካል። የጨው ውሃም እንዲሁ ያሳስታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሸክላው የሚነግራችሁ ዓለቱ በአንድ ወቅት የደረሰበትን ሙቀት መሆኑ ነው። ሥርዓቱ ከቀዘቀዘ በኋላም ሸክላው ይቀራል። ዛሬ ትኩስ መሆኑን የሚመሰክሩት እንፋሎቱ፣ የጋዙ ኬሚስትሪና ከቁፋሮ የሚገኘው ቀጥተኛ ልኬት ናቸው። ማግኔቶቴሉሪክ ብቻውን ጉድጓድ አይመርጥም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ባለ ብዙ ቀለሙ ምስል ስብሰባ ላይ ሲቀርብ የኬሚስቱ ጠረጴዛ ይረሳል። ስትለኩም መሣሪያውን ከመብራት መስመርና ከውሃ ፓምፕ አርቁ፣ ሌሊቱን በሙሉ ይመዝግብ፤ ከላይ ያለው ዓለት የሚያመጣውን መዛባት ለማረም ቴም የሚባለውን የኤሌክትሮማግኔት ልኬት በየነጥቡ ጨምሩ።

እሳተ ገሞራዎቻችን ሕያው መሆናቸውን አትዘንጉ። የራዳር ሳተላይቶች አሉቶና ኮርቤቲ ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ በሴንቲሜትሮች ከፍ ሲሉ አሳይተዋል። ይህ ከሥር ሙቀትና ግፊት መኖሩን ያመለክታል፤ ይጠቅማል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፋን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ ቅልጥ ዓለት በከርሰ ምድር ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ ተከታታይ ርዕደ መሬት ተከሰተ፣ ዶፋን ላይ አዲስ እንፋሎት ተከፈተ፣ ነዋሪዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። እንዲህ ያለ አዲስ ቀዳዳ የሚያበቃበት ጊዜ አይታወቅም፤ በጥቂት ወራት ሊጠፋ ይችላል። ፎቶ አንሥቶ «አዲስ ሀብት ተገኘ» ማለት ባለሙያነት አይደለም፤ ባለሙያነት ለዓመታት መከታተል ነው።

ትኩስ ሁሉ ጥሩ እንዳልሆነም ጎረቤቶቻችን አሳይተውናል። ጅቡቲ በአሳል እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ቆፍራ ከፍተኛ ሙቀት አገኘች፤ ውሃው ግን ከባሕር ውሃ በሦስት እጥፍ የበለጠ ጨዋማ ስለነበር የሚረጋው ማዕድን ጉድጓዱንና ቧንቧውን ይዘጋል። ኬንያ በሜኔንጋይ ስትቆፍር ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከቅልጥ ዓለት ጋር ተገናኘች። በእኛው ዳሎል ያለው ባለ ብዙ ቀለም ውሃም ዓለምን ያስደንቃል፤ አሲዱና ጨዉ ግን ለብረት ጠላት ነው። በሌላ በኩል ተስፋ መቁረጥም አይገባም፦ ኦልካሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቆፈሩት የመጀመሪያ ጉድጓዶች አልሠሩም። ኬንያ ጥናቱን ቀጠለች፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያው ተርባይን ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ አገሪቱ ከከርሰ ምድር እንፋሎት ከ900 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አላት። አሉቶ ላይ የተተከለው የሙከራ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመረቅ አቅሙ 8 ሜጋ ዋት አይሞላም ነበር፤ እሱም በብልሽት ለረጅም ጊዜ ቆሟል። መቆሙ ግን ከመሬታችን ጉድለት የመጣ አይደለም።

መረጃው ሁሉ ተሰብስቦ የሚገናኘው በአንድ ሥዕል ላይ ነው። በእጃችሁ፣ በእርሳስ፣ የተራራውን ቁራጭ ሣሉ። ሙቀቱ የት እንዳለ፣ ውሃው ከየት ገብቶ በየትኛው ስንጥቅ እንደሚወጣ፣ በየትኛው ጎን እንደሚፈስ፣ የ100፣ የ200 እና የ250 ዲግሪ መስመሮች የት እንደሚያልፉ አስቀምጡ። ኮምፒውተር በኋላ ይደርሳል። ጂኦሎጂስቱ፣ ኬሚስቱና ጂኦፊዚሲስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱን ሥዕል ካልተከራከሩበት የጻፉት ሦስት ሪፖርት እንጂ አንድ ጥናት አይደለም። አንድ ሥዕል ብቻም አይበቃም፤ መረጃውን የሚያስረዳ ሁለተኛ ሥዕል ሣሉና ሁለቱን የሚለይ ልኬት ምን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ ከ100 እስከ 300 ሜትር የሚጠልቅ አነስተኛ የሙቀት መለኪያ ጉድጓድ ነው፤ ዋጋው ከጥልቁ ጉድጓድ ጋር አይወዳደርም። ሙቀቱ ወደ ታች እየጨመረ ሄዶ ከዚያ መቀነስ ከጀመረ በጎን ፍሰት ላይ ናችሁ፤ የአሉቶ አንዳንድ ጉድጓዶች ይህን በግልጽ አሳይተዋል።

ጥልቅ ጉድጓድ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይበላል። ለዚህም ነው የቁፋሮው ነጥብ ሲወሰን ግፊት የሚበዛው፦ መንገዱ ቅርብ ነው፣ ውሃ ለማምጣት ይቀላል፣ የበጀት ዓመቱ እያለቀ ነው። ማሽኑን ወደ መንገዱ ማቅረብ የግድ ከሆነ ጉድጓዱን ዘንበል አድርጎ መቆፈር እንደሚቻል አስታውሱ፤ አሉቶ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የተጨመሩት ሁለቱ ጉድጓዶች በዘንባላ የተቆፈሩ ናቸው። ዘንባላው ስንጥቁን እንዲቆርጥ አድርጎ ማቀድ ከቁልቁል ጉድጓድ የተሻለ ዕድልም ይሰጣል። ያ የማይሆን ከሆነ ግን ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አስቀምጡ። የፊርማ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የአፍሪካ ኅብረት ከጀርመን መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው የጂኦተርማል ስጋት መቀነሻ ፈንድ ለምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የምድር ላይ ጥናትና የቁፋሮ ወጪን በከፊል ለመሸፈን የተቋቋመ ነው። ሕጉን በተመለከተ የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981/2008ን አንብቡ፤ የቅኝት፣ የፍለጋና የልማት ፈቃድ የተለያዩ መሆናቸውን የማያውቅ ባለሙያ ድርጅቱን ችግር ላይ ይጥላል። ሕዝቡን በተመለከተ ደግሞ የምትቆፍሩበት ቦታ የአንድ ሰው የግጦሽ መሬት፣ የከብት ሆራ፣ የጠበል ስፍራ ነው። ናሙና ከመቅዳታችሁ በፊት የአገር ሽማግሌዎችን አስፈቅዱ፤ ውጤቱንም ተመልሳችሁ ንገሯቸው። የውሃቸው ፍሎራይድ ከፍ ያለ ከሆነ ይህን ማወቅ መብታቸው ነው።

ለመማር የምትፈልጉ፣ አይስላንድ ለአዳጊ አገሮች ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የምትሰጠው የስድስት ወር ሥልጠና አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተምረውበታል፤ ስለ አሉቶ፣ ስለ አፋሩ ተንዳሆና ስለ ሌሎቹ ስፍራዎች የጻፏቸው የምርምር ሪፖርቶች በነጻ ይገኛሉ። ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ በፊት እነሱን አንብቡ።

በመጨረሻም ልመና አለኝ፣ በተለይ ለአንጋፋዎቹ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ የነበራችሁ፣ ተንዳሆ ሲቆፈር የነበራችሁ፣ የመስክ ደብተር፣ የድሮ የሙቀት ልኬት፣ የእንፋሎት ቀዳዳ ፎቶ በቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ካለ ለኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። ከሠላሳ ዓመት በፊት 93 ዲግሪ የተለካበት ቀዳዳ ዛሬ ስንት እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው ያኔ የተጻፈው ቁጥር ሲገኝ ብቻ ነው።